ድዴ ቆስሎ ጥርሴ ይነቃነቃል፤ ላስነቅለው ወይስ ይድናል?

ሰሞኑን ስለ ፍቅርና ስለ ቅናት ብዙ ስላወጋን ዛሬ ደግሞ ፊታችንን ወደ ጤና እናዙር። "ምነው፣ የፍቅሩስ ነገር?" የምትሉ አትቸኩሉ፤ ዛሬ የማካፍላችሁ ደብዳቤ ፍቅርም አለበት። ለመሆኑ አፉን በእጁ ሸፍኖ የሚያወራ ሰው የልቡን እንዴት አድርጎ ይናገራል?

ደብዳቤው የመጣው ከከሚሴ ነው። ወደ ደሴ የተጓዛችሁ ታውቋታላችሁ። ሸዋ ሮቢትን፣ ሰንበቴንና አጣዬን አልፋችሁ፣ ኮምቦልቻ ከመድረሳችሁ በፊት የምታገኟት፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ነች። ጸሐፊው ስሙ እንዳይወጣ አደራ ስላለኝ አላወጣውም። ደብዳቤውን አሳጥሬ እነሆ፦

"እኔ የ26 ዓመት ወጣት ስሆን የምተዳደረው ባጃጅ በመንዳት ነው። ድዴ መድማት የጀመረው ከአራት ዓመት በፊት ነው። ጥርሴን ስፍቅ ሲደማ 'መፋቂያው ወግቶኝ ነው' እያልኩ ዝም አልኩት። ቀስ በቀስ ድዴ እየሸሸ ጥርሴ ረዘመ። አሁን የታችኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶቼ ስነካቸው ይነቃነቃሉ። አባቴም በጎልማሳነቱ ጥርሱ ስለረገፈ 'የዘራችን ነው' ብዬ ተቀበልኩት።

ከሦስት ሳምንት ወዲህ ግን የመጣብኝ ሌላ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ስነሳ ድዴ እሳት ሆኗል። በጥርሶቼ መሃል ያለው ሥጋ ተቆርጦ የተወሰደ ይመስላል፣ ግራጫ ነገርም ለብሷል። ሳልነካው ይደማል። አፌ ለራሴ እንኳ ይከረፋኛል። ትኩሳት አለኝ፣ ከአገጬ ሥርም እብጠት ወጥቷል። ሁለት ጊዜ ከመድኃኒት ቤት ክኒን ገዝቼ ዋጥኩ። ሲሻለኝ ተውኩት፣ ተመልሶ መጣ። አያቴ 'ድድህን ተነቀስ፣ ይደርቅልሃል' ትለኛለች። ጓደኞቼ 'ገበያ ላይ የሚነቅል ሰው አለ፣ አስነቅለህ ተገላገል' ይሉኛል። ከአረፋ በኋላ ኒካህ አለኝ። እጮኛዬ አጠገቤ ስትቀመጥ ፊቷን ዞር ታደርጋለች። ጥርሴን ላስነቅል ወይስ ይድናል? ሌላም የምፈራው በሽታ አለ፤ ስሙን መጻፍ ግን አልፈለግኩም። ወላሂ ጨንቆኛል።
ግራ የገባኝ፣ ከከሚሴ"

ውድ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ደግ አደረግህ ጻፍክልን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? ስልክህን በደብዳቤው ላይ ስላኖርክ ጋዜጣው እስኪደርስህ አልጠበቅኩም፤ ዋናውን ነገር ደውዬ ነግሬሃለሁ። ዛሬ በዝርዝር የምጽፈው አንድም ለአንተ፣ አንድም እንዳንተ አፋቸውን ይዘው ለተቀመጡት ብዙ ወጣቶች ነው። ደብዳቤህን ይዤ አንድ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። ከሐኪሙ የተረዳሁትንና ካነበብኩት ያገኘሁትን በራሴ አማርኛ አቀርበዋለሁ።

መልሱን ከመጀመሪያው ልንገርህ፦ ጥርስህን አታስነቅል፤ ቢያንስ አሁን አይሆንም። ድድህንም አትነቀስ። ግን ደግሞ እቤት አትቀመጥ። ያለህበት ሁኔታ የሳምንት ቀጠሮ የሚሰጠው አይደለም።

ሁለት በሽታ በአንድ አፍ

አንተ አንድ በሽታ ይመስልሃል እንጂ ከደብዳቤህ የሚታየው ሁለት ነው። አንደኛው የቆየው ነው። በየቀኑ ጥርሳችን ላይ የሚጋገር፣ ፕላክ የሚባል የሚያሟልጭ ሽፋን አለ። የባክቴሪያ መንደር ነው በለው። በወቅቱ ካልጸዳ ይደርቅና እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፣ ያኔ ታርታር ይባላል። ድድ ይቆጣል፣ ይደማል። በዚህ ደረጃ ላይ ያለው የድድ መቆጣት ሙሉ በሙሉ ይድናል። ችላ ሲባል ግን ቁጣው ወደ ታች ይወርድና ጥርሱን አቅፎ የያዘውን አጥንት ይበላዋል። ድዱ ከጥርሱ ይላቀቅና ኪስ ይፈጠራል። ሐኪሙ ይህንን ኪስ በቀጭን መስፈሪያ ይለካዋል። ጤነኛ ድድ ላይ ጥልቀቱ እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። 6 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን ነገሩ ከፍቷል ማለት ነው። ጥርስህ የሚነቃነቀው ታዲያ ጥርሱ ስለታመመ አይደለም። መሠረቱ የተሸረሸረ ምሰሶ ስለሆነ ነው።

"የዘራችን ነው" ያልከውም ከእውነት አልራቀም። በአንዳንድ ቤተሰብ ይህ በሽታ በወጣትነት ይጀምርና ይፈጥናል። ነገር ግን ዘር ማለት ፍርድ አይደለም። አባቱ ጥርሱ የረገፈበት ሰው ከሌላው ቀድሞ መመርመር አለበት ማለት ነው እንጂ እጁን አጣጥፎ ይጠብቅ ማለት አይደለም።

ሁለተኛው በሽታ በሦስት ሳምንት ውስጥ የመጣብህ ነው። በድንገት የሚነሳ፣ ድድን እያቆሰለ የሚያበሰብስ የባክቴሪያ ጥቃት ነው። ምልክቱ አንተ ከጻፍከው ጋር አንድ ነው። በጥርስ መሃል ያለው ሥጋ ተበልቶ መጉደጉድ፣ ግራጫ ሽፋን፣ ኃይለኛ ሕመም፣ ሳይነካ መድማትና ከባድ ጠረን ናቸው። አንዳንዴም ትኩሳትና ከአገጭ ሥር የንፍፊት እብጠት ይከተላል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ምሽግ ውስጥ የነበሩ ወታደሮችን እያሠቃየ ስለነበር ፈረንጆቹ "የምሽግ አፍ" የሚል ስም አውጥተውለታል። ለምን ወታደሮቹን? እንቅልፍ የለም፣ ጭንቀት አለ፣ ምግቡ የማይረባ ነው፣ ሲጋራው አይቋረጥም፣ ጥርስ የሚፍቅበት ጊዜ ያለውም የለም።

እስኪ በሞቴ፣ ይሄ የማንን ኑሮ ይመስላል? ሌሊቱን ባጃጅ ላይ የሚያድር፣ እንቅልፍ እንዳይጥለው የሚቅም፣ ከምርቃናው ጋር ሲጋራ የሚደራርብ፣ በለስላሳና በስኳር ሻይ የሚውል ወጣት ኑሮ አይመስልም? አንተ ይህንን አልጻፍክልኝም። በስልክ ስጠይቅህ ነው የነገርከኝ።

ክኒኑ ለምን አልበቃህም?

ሁለት ጊዜ የገዛኸው ክኒን ሜትሮኒዳዞል መሆኑን ነግረኸኛል። "ይሄ የጃርዲያና የአሜባ መድኃኒት አይደለም እንዴ?" ብለህም ጠይቀኸኛል። ልክ ነህ፣ ነው። ታሪኩ ደስ ይላል። ይህ መድኃኒት መጀመሪያ ይታወቅ የነበረው ትሪኮሞናስ የሚባል የማህፀን በር አካባቢ በሽታን በማከም ነው። በእንግሊዝ አገር አንዲት ሴት ለዚያ ሕመሟ ስትወስደው የቆሰለ ድዷም አብሮ ዳነላት። ይህ በ1962 እ.ኤ.አ. በሕክምና መጽሔት ላይ ታትሞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱ ለእንዲህ ዓይነቱ የድድ ቁስል ሐኪሞች ቀድመው የሚያስቡት ሆኗል፤ ምክንያቱም አየር በሌለበት ጥልቅ ቦታ የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ይገድላል።

ታዲያ ለምን ተመልሶ መጣ? አንደኛ፣ ሲሻልህ አቋረጥከው። ሁለተኛውና ዋናው ደግሞ ክኒን ታርታር አያነሳም። ባክቴሪያዎቹ በድዱ ሥር በደረቀው ድንጋይ ላይ ተጣብቀው፣ በሽፋናቸው ተከልለው ተቀምጠዋል። መድኃኒቱ ሜዳ ላይ ያሉትን ይመታል፣ ምሽጉን ግን አያፈርሰውም። ምሽጉን የሚያፈርሰው የሐኪም እጅ ነው።

መጀመሪያ እሳቱን ማጥፋት

የተቃጠለ ቤት የሚታደሰው እሳቱ ከጠፋ በኋላ አይደል? ሕክምናውም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሥራ ቁስሉን ማብረድ ነው። ሐኪሙ ድድህን በማደንዘዣ አደንዝዞ የላይ የላዩን ቆሻሻና የሞተውን ሥጋ በዝግታ ያጸዳዋል። ሕመሙ ስለማይፈቅድ በአንድ ቀን ሁሉንም አይጨርስም፤ በማግስቱ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ተመለስ ይልሃል። እባክህ ተመለስ።

ትኩሳትና እብጠት ስላለህ ክኒንም ሊያዝልህ ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ያው ሜትሮኒዳዞል በቀን ሦስት ጊዜ ለጥቂት ቀናት ነው፤ መጠኑንና የቀኑን ብዛት ግን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ሌላ የምትወስደው መድኃኒት ካለ ወይም መድኃኒት የሚያስቆጣህ ከሆነ ንገረው። ክኒኑ ከአልኮል ጋር አይስማማም። አንተ ባትጠጣም ይህንን የሚያነቡ የሚጠጡ ስላሉ ነው የጻፍኩት። አፍ ላይ የብረት ብረት የሚል ጣዕም ቢያመጣ አትደንግጥ፣ የታወቀ ጠባዩ ነው። ጾም ላይ ከሆንክም ለሐኪሙ አስረዳው። ለታመመ ሰው ጾሙን በሌላ ቀን መክፈል እንደሚፈቀድለት ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ።

መጉመጥመጫም ይታዘዝልሃል። ክሎርሄክሲዲን የሚባለው ጠዋትና ማታ ይያዛል። ከሁለት ሳምንት በላይ ሲወሰድ፣ በተለይ ሻይና ቡና ለሚያዘወትር ሰው፣ ጥርስ ያጠቁራል። ጥርስህን በሳሙና ከቦረሽክ በኋላም ግማሽ ሰዓት ቆይተህ ነው የምትጉመጠመጠው። 3 በመቶ የሆነው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም ከእኩል ለብ ያለ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ ያገለግላል፤ አይዋጥም። ይህ ሁሉ እስኪገኝ ድረስ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ሟሙቶ መጉመጥመጥ ማንም የማያጣው እርዳታ ነው። ያስታግሳል እንጂ አያድንም። በእነዚህ ቀናት መፋቂያውን አቆየውና በጣም ለስላሳ ብሩሽ ተጠቀም። በርበሬና ትኩስ ነገር ተው። እንቅልፍህን ተኛ። ሲጋራውን አቁም።

ወንድሜ፣ ይህን ደግሞ አስምርበት። እብጠቱ ወደ አንገትህ ወይም ወደ ዓይንህ ከሄደ፣ አፍህን መክፈት፣ ምራቅ መዋጥ ወይም መተንፈስ ከከበደህ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂድ። ያ የጥርስ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የነፍስ ጉዳይ ሆኗል።

ከዚያ ቤቱን መጠገን

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በሦስትና በአራት ቀን ሕመሙ ይለቅሃል፣ ጠረኑ ይጠፋል፣ "አልሐምዱሊላህ፣ ዳንኩ" ትላለህ። አልዳንክም። የዳነው ሁለተኛው በሽታ ነው፤ የአራት ዓመቱ እዚያው ነው። እሱ ካልታከመ ቁስሉ ተመልሶ ይመጣል፣ በመጣ ቁጥርም ትንሽ አጥንት ይዞ ይሄዳል።

ቁስሉ ሲረጋ ጥልቅ ጽዳት ይጀመራል። ሐኪሙ በድድህ ሥር ገብቶ የጥርስህን ሥር ከታርታር ያራግፈዋል፣ ያለሰልሰዋል። ብዙ ጊዜ በሁለት ወይም በአራት ቀጠሮ ተከፍሎ ነው የሚሠራው። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ኪሶቹ እንደገና ይለካሉ። ጥልቀታቸው የቀነሰ እሰየው፤ እንቢ ያሉት ደግሞ ድዱን ከፈት አድርጎ በቀዶ ሕክምና ማጽዳት ሊያስፈልጋቸው ይችላል። የሚነቃነቁትን ጥርሶች ከጎረቤቶቻቸው ጋር በቀጭን ሽቦ አስሮ ማጠንከርም አለ። ከጽዳቱ በኋላ ብዙ የተነቃነቁ ጥርሶች ቁጣው ሲበርድ በራሳቸው ጠበቅ ይላሉ። "አሁን አታስነቅል" ያልኩህ ለዚህ ነው። ለማስነቀል ሁልጊዜም ጊዜ አለ። የተነቀለውን ግን ማንም መልሶ አይተክለውም።

እውነቱን ልደብቅህ አልችልም። የተበላው አጥንት በአብዛኛው ተመልሶ አይሞላም። ድድህ እብጠቱ ሲወርድ የበለጠ የሸሸ ሊመስልህ ይችላል፣ ቀዝቃዛ ውሃም ለጊዜው ይነዝርሃል። የምንታገለው ያለውን ለማቆየት ነው። በ26 ዓመት ያለውን ማቆየት ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ በየሦስት ወሩ መታየት ነው። ባጃጅህ ዘይት ሲቀየርለት እያሰብክ ብታስታውሰው አትረሳውም።

የት ልሂድ ነው ያልከኝ? ከከሚሴ ሆስፒታል ጀምር። ለጥልቅ ጽዳቱ የሚያስፈልገው ሁሉ እዚያው ከተገኘ ጥሩ፤ ካልሆነ ሪፈር አስጽፍና ወደ ደሴ ሪፈራል ሆስፒታል ሂድ። በዞኑ ውስጥ ባቲም ሰንበቴም ያላችሁ ወጣቶች እንዲሁ አድርጉ። የሰኞውን የባቲ ገበያና የእሁዱን የሰንበቴ ገበያ ሁላችንም እንወዳቸዋለን፣ ለጥርስ መንቀያ ግን አይሆኑም። የቆሰለ ድድ ላይ ባልተቀቀለ ጉጠት መንቀል ኢንፌክሽኑን ወደ መንጋጋና ወደ አንገት መሸኘት ነው።

ስለ አያትህ ምክር

አያትህን ተቆጥተህ እንዳትመልስላት። የድድ ንቅሳት በአገራችን የቆየ ጌጥ ነው፣ የሚደማ ድድን ያደርቃል ብለው የሚያምኑም ብዙ ናቸው። ነገር ግን የተመረዘ ድድን በመርፌ መውጋት መርዙን ወደ ውስጥ መክተት ነው። መርፌው ከሰው ሰው ከተዘዋወረ ኤች አይ ቪንና የጉበት ቫይረስን ሊያስተላልፍ ይችላል። ጥቁር ቀለሙ ደግሞ የድዱን መቅላት ስለሚሸፍን በሽታው ቢቀጥልም አይታይም። "እማማ፣ ሐኪሙ ይየኝና እንነጋገራለን" በላት።

መፋቂያውን ግን አልነፍግህም። ሱናም ነው፣ ጥሩም ነው። የወይራ መፋቂያ ጫፉ እንደ ብሩሽ እስኪለሰልስ ታኝኮ፣ ከድዱ ወደ ጥርሱ ጫፍ ቀስ ተብሎ ሲፋቅ ያጸዳል። ጉድለቱ በጥርሶች መሃልና በውስጠኛው በኩል አለመድረሱ ነው። ስለዚህ ቁስሉ ከዳነ በኋላ ቀን መፋቂያህን፣ ማታ ከመተኛትህ በፊት ደግሞ ብሩሽና ባለ ፍሎራይድ ሳሙና ተጠቀም። በጥርሶችህ መሃል የሚገባ ክር ወይም ትንሽ ብሩሽም ጨምርበት።

ስሙን ያልጻፍከው በሽታ

የፈራኸው ኤች አይ ቪ እንደሆነ ገብቶኛል። በግልጽ እናውራ። እንዲህ ያለው የሚያቆስል የድድ በሽታ አንዳንዴ የሰውነት መከላከያ መዳከሙን ቀድሞ የሚናገር ምልክት ይሆናል። ሐኪሙም ምርመራ ሊያዝልህ ይችላል። ነገር ግን እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት፣ ሲጋራና የምግብ ጉድለት ብቻቸውን ያመጡታል። ስለዚህ አፍህን በመስታወት አይተህ በራስህ ላይ አትፍረድ። ተመርመር። በመንግሥት ጤና ተቋም ምርመራው በነጻ ነው፣ ምስጢሩም ይጠበቃል። መድኃኒቱም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ይሰጣል። ዛሬ መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ሰው አግብቶ፣ ወልዶ፣ ሠርቶ ይኖራል። ኒካህህ ከመድረሱ በፊት ከእጮኛህ ጋር አብራችሁ ብትመረመሩ ደግሞ ለሁለታችሁም እፎይታ ነው። የስኳር ምርመራም አብረህ አድርግ። ስኳር ድድን ያባብሳል፣ የታመመ ድድም ስኳርን ያስቸግራል።

ስለ ጫቱ ስብከት አልሰብክህም። ልማዱ ከዱዓው፣ ከጨዋታው ጋር ምን ያህል እንደተሳሰረ አውቃለሁ። ግን የሐኪሙን ምክር ልንገርህ፦ መጀመሪያ ሲጋራውን ተው። ሲጋራ የድድን የደም ዝውውር ይቀንሳል፣ መከላከያውን ያዳክማል፣ የሕክምናውንም ውጤት ያበላሻል። ቁስሉ እስኪደርቅ መቃሙንም ተው። ዕረፍት የሚሻ ድድ ላይ ሲታኘክ መዋል፣ ከዚያም እንቅልፍ አጥቶ ማደር የታዘዘልህን መድኃኒት በአንድ እጅ ተቀብሎ በሌላው መጣል ነው።

ስለ እጮኛህ

"ብንቀራረብ ይተላለፍባታል?" ብለሃል። ይህ የሚያቆስለው በሽታ እንደ ጉንፋን ከሰው ሰው የሚዛመት አይደለም። ባክቴሪያዎቹ በብዙ ሰው አፍ ውስጥ ያሉ ናቸው፤ የሚነሱት መከላከያው የደከመበትን አፍ ሲያገኙ ነው። ቢሆንም ቁስሉ እስኪድን ታገሥ፣ ብሩሽና መፋቂያም አትጋሩ። ከሁሉ በላይ ግን ንገራት። ፊቷን ስታዞር አንተ "ጠላችኝ" ትላለህ፤ እሷ ደግሞ አፍህን ሸፍነህ ስትሸሻት "ሌላ አገኘ" ትል ይሆናል። "ድዴን ታምሜ ሕክምና ጀምሬያለሁ" የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ለሁለታችሁም ትበቃለች።

ለወላጆች አንዲት ቃል

ልጆች ላላችሁ ደግሞ ይህችን ጨምሬ ላብቃ። እንዲህ ያለው የድድ ቁስል በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃንን፣ በተለይ ከኩፍኝ በኋላ ሲይዘው፣ ኖማ ወደሚባል ክፉ በሽታ ሊለወጥ ይችላል። በቀናት ውስጥ ጉንጭና ከንፈር ይበላል፤ ካልታከመ ከሚያዙት እስከ 90 በመቶ የሚሆኑት ይሞታሉ። የዓለም የጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ችላ ከተባሉ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች አንዱ ብሎ መዝግቦታል። ፊታቸው በዚህ በሽታ የተጎዳ ኢትዮጵያውያንን ፌሲንግ አፍሪካ የተባለ የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት ሐኪሞችን አዲስ አበባ ድረስ እያመጣ ለዓመታት አስታምሟል። ወሎ ድርቅን ያየ አገር ነው፤ በ1977ቱ ረሃብ ባቲ ራሷ ትልቅ የመጠለያ ጣቢያ ነበረች። ስለዚህ የከሳ ልጅ ድዱ ቆስሎ አፉ ሲሸት "ጥርስ እያበቀለ ነው" ብላችሁ አትለፉት። በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። መጀመሪያ ላይ በመጉመጥመጫ፣ በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትና በምግብ ይመለሳል።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ቁስሉን አብርድ፣ ሥሩን አጽዳ፣ በየሦስት ወሩ ታይ። እንዴት እንደሆንክ ጻፍልን፤ እኔም ሆንኩ አንባቢዎቼ መስማት እንፈልጋለን። እስከዚያው እናንተ አገር እንደሚባለው፦ አብሽር!

በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ።